ለአይጧ ዕዳ አለብን?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ተመራማሪ የነበሩት ሊዮን ጎልድበርግ አንድ ወዳጃቸው በካንሰር ሲሠቃይ አዩ። ካንሰሩ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሞርፊን ሕመሙን ሊያስታግሥለት ይችላል፤ ሰውየው ግን መድኃኒቱ የሚያመጣውን የሆድ ድርቀት ስለ ፈራ አልወስድም አለ። ከሁለት ሥቃይ አንዱን መረጠ።

ሞርፊን በአንጎል ውስጥ ሕመምን ሲያደነዝዝ፣ በአንጀት ውስጥ ደግሞ ምግብን ወደ ፊት የሚገፋውን እንቅስቃሴ ያዘገያል። የሞርፊንን ሥራ የሚያግዱ መድኃኒቶች ቀድሞም ነበሩ፤ ነገር ግን ወደ አንጎልም ስለሚገቡ ማስታገሻውን ጭምር ያጠፉ ነበር። ጎልድበርግ ወደ አንጎል በቀላሉ የማይዘልቅ ማገጃ ፈለጉ። ሜቲልናልትሬክሶን የተባለው ይህ መድኃኒት በ2008 በአሜሪካ ተፈቀደ።

እንዲህ ያለ መድኃኒት ከሰው በፊት በእንስሳት ይሞከራል። በዘርፉ የተለመደ አንድ ሙከራ አለ። ምግብ ተከልክለው የቆዩ አይጦች ሞርፊን ይወጋሉ፤ ከፊሎቹ ማገጃውንም ያገኛሉ። ከዚያ በውሃ የተበጠበጠ ከሰል ይጋታሉ። ጥቂት ቆይቶ ይገደሉና ከሰሉ በአንጀታቸው ውስጥ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ይለካል። ማገጃው ከሠራ ከሰሉ ርቆ ይገኛል።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህ ልክ ነውን?

አንዳንዶቻችን «እንስሳ ለሰው ተሰጥቷል፤ ምን ጥያቄ አለው?» እንላለን። ነገር ግን የተሰጠን በአደራ ነው። በምሳሌ 12፥10 ለእንስሳ ማሰብ የጽድቅ ምልክት ሆኖ ተቆጥሯል። እግዚአብሔርም ለነነዌ መራራቱን ለዮናስ ሲያስረዳው ከብቶቿን ሳይጠቅስ አላለፈም።

ሌሎቻችን «እንስሳ ፈጽሞ አይነካ» እንላለን። በበዓል ዶሮ ወጥ የምንበላ ሰዎች ይህን ለማለት አፋችን ይያዛል። ከዚያም በላይ፣ አልጋ ላይ ለሚቃትተው ሰው «ለአይጥ ስንል ተውንህ» ብለን ፊቱን ማየት እንችላለን? እኔ አልችልም።

ነገር ግን በፈጣሪ ፊት ቆሜ «ስድስት አይጥ ይበቃ በነበረበት፣ ለማሰብ ስለ ሰነፍሁ ሃያ ገደልሁ» ማለትም አልችልም። ስለዚህ ሙከራው የተፈቀደ ነው፤ በነጻ ግን አይደለም። ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ለተመራማሪ ሦስት ግዴታ አስቀምጠዋል፦ ያለ እንስሳ መሥራት ከተቻለ በሌላ መተካት፣ ካልተቻለ ቁጥሩን መቀነስ፣ የቀሩትንም ሥቃይ ማቅለል። ዕዳው የሚከፈለው እንዲህ ነው።

ከእናንተ መካከል ፋርማሲ ወይም ሕክምና የምታጠኑ አላችሁ። አንድ ቀን በእጃችሁ መዳፍ ላይ ትንሽ ልብ ስትመታ ይሰማችኋል። በዚያን ጊዜ እጃችሁ ትንሽ ቢያመነታ አትፈሩ። የሚያስፈራው ማመንታቱ የጠፋ ቀን ነው።