ቲፕ፣ ግብርና የክርስቲያን ኅሊና

በላስ ቬጋስ የካዚኖና የሆቴል ሠራተኛው፣ የታክሲና የኡበር ሹፌሩ ከሚያገኙት ገንዘብ ጥቂት የማይባለው ቲፕ ነው። ኔቫዳ የግል ገቢ ግብር ስለሌላት ሒሳቡ ከፌዴራል መንግሥት ጋር ነው። በካርድ የተሰጠውን ቲፕ መዝገብ ይዞታል፤ ካሹን ግን ከሰጪውና ከተቀባዩ በቀር ያየው ላይኖር ይችላል። የክርስቲያን ታማኝነት የሚፈተነው በዚህ ካሽ ነው።

ጳውሎስ በሮሜ 13 ግብርን ቅጣት ከመፍራት አልፎ ከኅሊና ጋር ያገናኘዋል። መልእክቱ የተጻፈው ኔሮን በነገሠበት ዘመን ስለሆነ፣ «መንግሥት ገንዘቡን ለማይረባ ነገር ያውለዋል» የሚለው ማመካኛ ብዙ አያስኬድም። መጥምቁ ዮሐንስም ቀራጮች ከተወሰነው በላይ እንዳይጠይቁ አዟል፤ ከፋዩም ከተወሰነው በላይ የመክፈል ዕዳ የለበትም። የኡበር ሹፌር ለሥራ የነዳውን ማይል መዝግቦ ቢያስቀንስ በመብቱ ተጠቀመ እንጂ አልበደለም። ያልነዳውን ማይል ማስጻፍ፣ አብሮት የማይኖረውን የዘመድ ልጅ እንደ ራሱ ልጅ ማስመዝገብ ግን ውሸት ነው። ታክስ የሚሠራለት ሰው «ብዙ ተመላሽ አመጣልሃለሁ» ቢለውም ለተጻፈው ተጠያቂው ራሱ ፈራሚው ነው።

በወር 20 ዶላርና ከዚያ በላይ ቲፕ ያገኘ ተቀጣሪ እስከ ቀጣዩ ወር 10ኛ ቀን ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። በ2025 የወጣው ሕግ እስከ 2028 ድረስ በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ከገቢ ግብር ስሌት እንዲቀነስ ፈቅዷል። ይህን ሰምቶ «ቲፕ ከእንግዲህ ግብር የለውም» የሚል አለ፤ ተሳስቷል። ቅናሹ የሚገኘው በተመዘገበ ቲፕ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮም እንዳለ ይቀጥላል። ካሹን የደበቀ ሠራተኛ የራሱን ጡረታ ጭምር ይጎዳል፤ ጡረታ የሚሰላው ከተመዘገበው ገቢ ነውና።

አሥራት ግብርን አይተካም። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ገንዘብ ሊያስቀንስ ይችላል፤ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ስጦታ ግን የጽሑፍ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። አገር ቤት ላሉ ዘመዶች የተላከው፣ የቱንም ያህል የጽድቅ ሥራ ቢሆን፣ አያስቀንስም።

ከዚህ ቀደም ያጎደለ ሰው ዘኬዎስን ይምሰል። ዘኬዎስ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ነበር የተነሣው፤ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይአርኤስ እንኳ ያን ያህል አይጠይቅም። ወለድና ቅጣት ቢኖርም፣ የታረመ የታክስ ማስታወቂያ ይቀበላል፤ ባንድ ጊዜ መክፈል ላልቻለም ዕዳውን በየወሩ ይከፋፍልለታል። ጉዳዩን ከዜግነት ማመልከቻ በፊት ማስተካከል ይበጃል፤ ቅጹ ያልተከፈለ ግብር መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል፣ መልሱም በመሐላ የሚረጋገጥ ነው።