«የለኝም» ማለት ነውር ነውን?



በጽዋ ማኅበር ውስጥ ተራው ሊደርስ ሲል የሚሰወር ወንድም አይታችሁ ታውቃላችሁን? እኛ አይተናል። በመጀመሪያው ወር ታሟል ይባላል። በሁለተኛው ወር ለጉዳይ ደብረ ማርቆስ ሄዷል ይባላል። ከዚያ በኋላ ስሙን የሚያነሣ አይገኝም። ነገር ግን አልታመመም፤ ለጉዳይም አልሄደም። ለዳቦው ስንዴ፣ ለጠላው ብቅልና ጌሾ መግዣ አጥቶ ነው። ከማኅበርተኞቹ ጋር አልተጣላም፤ «ውጣ» ያለውም የለም። ያስወጣው አንድ ቃል ነው፤ ያውም ሌላ ሰው የተናገረው ቃል ሳይሆን ራሱ ሊናገረው ያልቻለው ቃል ነው። ይኸውም «የለኝም» የሚለው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይኸው ነው። «የለኝም» ማለት ነውር ነውን? ነውር ካልሆነስ ስለምን አንደበታችንን ይይዘዋል? ጥያቄው ለአንዳንዱ ቀላል ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ እዚህ መርጡለ ማርያም ትምህርት ጨርሰን ሥራ በምንጠባበቅ ወጣቶች መካከል ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው በጠብ ሳይሆን በዚህ ዝምታ ነው።

አስቀድመን ገንዘብ የሚለውን ቃል እንመልከት። ዛሬ ገንዘብ ስንል ብርና ሳንቲም ማለታችን ነው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በስልክ የሚላከው ቴሌብር ተጨምሯል። በአባቶቻችን አነጋገር ግን ገንዘብ ማለት የራስ የሆነ ነገር ሁሉ ነው። «ትሕትናን ገንዘብ አደረገ» ሲባል የራሱ አደረጋት ማለት ነው እንጂ በዋጋ ገዛት ማለት አይደለም። በዚህ አነጋገር የተማሩት ትምህርት ገንዘብ ነው፤ የእጅ ሙያም ገንዘብ ነው፤ መልካም ጠባይም ገንዘብ ነው። ቃሉ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጠበበ ሄዶ በመጨረሻ ኪስ ውስጥ ገባ። እኛም ኪሳችን ባዶ ሲሆን ፈጽሞ ምንም የሌለን የሚመስለን ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

የመገበያያው መልክ እንኳ ሲለዋወጥ ኖሯል። ቅድመ አያቶቻችን በአሞሌ ጨው ተገበያይተዋል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበትን፣ በየትኛውም ዓመት ቢሠራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1780 የሚል ቁጥር የሚታተምበትን ጠገራ ብር ቋጥረው ገበያ ወጥተዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ተለውጠው ባለ 200 ብሩ ኖት ሲወጣ ደግሞ በየፍራሹ ሥር የተቀመጠው ሁሉ ወደ ባንክ ጉዞ ጀመረ። አሮጌው ኖት የጊዜ ገደቡ ሲያልፍ ተራ ወረቀት ሊሆን ነበርና «የለኝም» ሲል የኖረው ሰው ሁሉ ያን ጊዜ ቋጠሮውን ፈታ። ይህ ነገር ያስቃል፤ ግን ያሳስባልም። በአገራችን ያለው ሰው «የለኝም» ለማለት አያፍርም። ብድር ጠያቂ ይፈራል፤ የሰው ዓይንም ይፈራል። የሚያፍረው በእውነት የሌለው ነው። እንግዲህ ይህ ቃል በሐሰት ሲነገር ጥንቃቄ፣ በእውነት ሲነገር ውርደት ሆኖ መገኘቱ እንዴት ያለ ነገር ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ ስም በአራቱም ማዕዘን የታወቀ ነው። ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የሚመጣው ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ ከእናት ከአባቱ ቤት ተሰናብቶ ሳይሆን ጠፍቶ የመጣ ነው። ገንዘብ የለውም። «የለኝም» ለማለትም አያፍርም፤ በየቀኑ በየደጁ ቆሞ በእመቤታችን ስም ይለምናልና። የባላገሩ እናት ያላት እንደ ሆነ ቁራሽ ትሰጠዋለች፤ ያጣች እንደ ሆነ «እግዜር ይስጥህ» ትለዋለች። እርሱም ሳይቀየም ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል።

ይህ ልመና ስለምን ውርደት አልሆነበትም? እንደሚመስለን መንደሩ ተማሪው ምን እየሠራ እንደ ሆነ ስለሚያውቅ ነው። ብቻውን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር እረኞች ያዩታል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ይሞላል፣ የተበላሸውን ያፈርሳል። ጓደኞቹ ዙሪያውን ሆነው ይሰማሉ። የሰመረለት እንደ ሆነ «ይበል!» ይባልለታል። በማግሥቱ ግን የትናንቷ ቅኔ አታገለግልም፤ አዲስ መቈጠር አለበት። የሚሠራው ሥራ አለው፤ ሥራውን የሚሰማለት ጉባኤም አለው። ስለዚህ ያች ቁራሽ ለመንገደኛ እንደሚሰጥ ስንቅ ሆነችለት። የሰጠችው እናትም ልጁ አንድ ቀን በደብሯ ቆሞ ሲቀኝ የእርሷም ድርሻ እንዳለበት ታውቃለች።

ነገሩን አሳምረን ብቻ እንዳንናገር መጨመር የሚገባን አለ። በረሃብና በበሽታ የወደቀ ተማሪ ብዙ ነው። ለሴቶች ልጆችም የዚያ ጉባኤ በር እጅግ ጠባብ ነበር፤ ዓይነ ስውሯ የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነሣው እንደ እርሳቸው ያሉት ጥቂት ስለ ነበሩም ጭምር ነው። የቀድሞው ሁሉ ይመለስ አንልም። የምንለው ያ ተማሪ የነበረው አንድ ነገር እኛ የለንም ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከመካከላችን ዲግሪውን ይዞ ሦስት ክረምት በቤቱ ያሳለፈ አለ። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር የትምህርት ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል፤ ለኮፒውና ለመኪናው የሚከፍለው እናቱ ዶሮና እንቁላል ሸጣ ያገኘችውን ነው። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመር የጀማሪ ባለ ዲግሪ ደመወዝ 11,500 ብር መድረሱ ተነገረ። ዜናውን በራዲዮ የሰማች እናት ወዴት እንደምትመለከት አንባቢ ራሱ ያውቀዋል። እርሷ ምንም አልተናገረችም፤ ልጁ ግን እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ዲግሪው ላይ ያልደረሰውም ብዙ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ሁሉ የመውጫ ፈተና እንዲወስድ ተደርጓል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጦርነቱም ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። ከመቶ 97ቱ ወድቀዋል ሲባል 97ቱም ሰነፎች ናቸው የሚል ሰው ካለ ሒሳቡን ደግሞ እንዲሠራው እንመክረዋለን። ነገር ግን ሐፍረቱ በቁጥር አይካፈልም። እያንዳንዱ ብቻውን የወደቀ ይመስለዋል፤ ብቻውንም ይሸሸጋል። መንደሩም እንደ ቅኔ ተማሪው ምን እየሠራ እንደ ሆነ አያውቅለትም፤ «ተቀምጧል» ብቻ ይላል።

ሌላ ሥራ ይያዝ የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ባጃጅ የሚነዳ፣ እንጨት የሚሠራ፣ ጫማ የሚሰፋ ባለ ዲግሪ በጎ ሠራ እንጂ አልተዋረደም። ግን ይህን ምክር የሚሰጠው ሰው ራሱ በማግሥቱ «ያን ሁሉ ተምሮ እዚህ ቀረ» ሲል እንሰማዋለን። ይህ የቆየ በሽታችን ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ገበሬውና ነጋዴው በሙያው ምክንያት እንዳይሰደብ ከልክለዋል። የሚገርመው ግን ስድብ ከተከለከለላቸው መካከል የሚጽፈውም ሰው መኖሩ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ቃሉን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በደብራችንም ቢሆን ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የእቴጌ እሌኒ ስም በየጊዜው ይነሣል፤ ድንጋዩን የጠረቡትን ሰዎች ስም ግን የሚጠራ የለም።

ስለ ጽሕፈት ካነሣን ጥቂት እንቈይበት፤ ይህን ገጽ የምንሞላው እኛም ሰዎቹ ነንና። ከእኛው ጎጃም የወጡት ሐዲስ ዓለማየሁ ደብረ ኤልያስና ዲማ ቅኔ ተምረዋል። በኋላም በጠላት ጊዜ ዘምተዋል፤ በጣልያን አገር ታስረዋል፤ አምባሳደርና ሚኒስትርም ሆነዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. መሆኑን ስናሰላ 56 ዓመት ያህል ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። እኛ በ24 ዓመታችን ዕድሜያችን አለፈ እንላለን! እንጀራቸው አንድ ነበር፤ ስማቸውን ያስጠራው ሥራ ሌላ ነበር። እንግዲህ ሰው የሚወደው ሥራ አላበላውም ማለት ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሚያበላው ሥራ የሚወደው አልሆነም ማለትም ሕይወቱ ተበላሸ ማለት አይደለም።

እኛም እሑድ እሑድ የጻፍነውን ይዘን እንገናኛለን። አንዱ ያነባል፤ ሌሎቻችን እንሰማለን፤ አንዳንድ ጊዜም እንከራከራለን። በዚህ ጉባኤ የሰው ኪስ አይጠየቅም። ሥራ አጥቶ የከረመ ወንድማችን ጽሑፉን አንብቦ «ይበል» ሲባልለት ፊቱ ሲፈታ አይተናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ «ይበል» ጤፍ አይገዛም፤ እኛም ይህን መሸፈን የለብንም። የሚጽፍ ልጅ በመካከላችን መኖሩ ሲታወቅ የዕድሩን ቃለ ጉባኤ ጻፍልን፣ ለወረዳ የሚሄድ ማመልከቻ አርቅቅልን፣ ልጃችንን ሒሳብ አስጠናልን ይባላል። ያደርጋል። «እግዜር ይስጥልን» ይባላል። ምሳ በልተህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። የቅኔ ተማሪውን መንደር ከእኛ የሚለየው ይህ ነው። ያ መንደር ቅኔውን መስማት ብቻ ሳይሆን አኩፋዳውንም ያይ ነበር።

ታላላቆቻችን አንድ ነገር ይቃወሙናል። «ገንዘብ በገባበት ፍቅር ይወጣል፤ አገልግሎትን በዋጋ አትለኩ» ይሉናል። አባቶቻችንን እናከብራለን፤ ግን እቁብን ተመልከቱ። እቁብ ከዳር እስከ ዳር ገንዘብ ነው፤ ሆኖም ስንቱን ጎረቤት አፋቅሮ አኑሯል! ምሥጢሩ ሁሉም በሰው ፊት መቈጠሩ ነው። ማን ጣለ፣ ማን አልጣለም፣ ዕጣው ለማን ደረሰ፣ ዋሱ ማን ነው፤ ይህ ሁሉ በዳኛውና በጸሐፊው ፊት በግልጽ ይነገራል። የቸገረው ሰው «ይህን ዙር ዕጣውን ልቀቁልኝ» ብሎ ሲለምን አያፍርም፤ ብዙውን ጊዜም ይለቀቅለታል። ስለዚህ በበኩላችን ፍቅርን የሚያስወጣው ገንዘቡ ነው አንልም፤ ስለ ገንዘቡ ዝም መባባሉ ነው።

ከመካከላችን አንዷ እኅታችን «የለኝም ማለት ከተለመደ ሰነፉና ውሸታሙ አይጠቀምበትምን?» ብላ ጠይቃለች። ይጠቀምበት ይሆናል። ተማሪ መስሎ አኩፋዳ ያነገተ ሰነፍም አልጠፋም፤ እናቶች ግን በእርሱ ምክንያት ደጃቸውን አልዘጉም። ምን ቈጠርክ ሲባል የሚለው ማጣቱ ራሱ ያጋልጠው ነበርና።

ስለዚህ ለማኅበራችን ሁለት አሳብ አቅርበናል። አንደኛው ማመልከቻ ለሚያረቅቅና ልጅ ለሚያስጠና ወንድም ወይም እኅት ዋጋው አስቀድሞ በግልጽ እንዲነገር፣ የማይችል ቤተ ሰብም እንደማይችል እንዲናገርና በነጻ እንዲሠራለት ነው። በዚህ ላይ ክርክሩ ገና አላለቀም። ሁለተኛው ጽዋውን ለብቻው ለመረከብ የማይችል ከሌላ ቤት ጋር ተጣምሮ እንዲረከብ ነው፤ አንዱ ዳቦውን፣ ሌላው ጠላውን ያዘጋጃል። ያም ካልተቻለ ንፍሮና ውኃ ይበቃል ብለናል። እስካሁን ሦስት ቤቶች ተስማምተዋል። አራተኛው ወንድማችን ግን «እኔስ እሺ፤ እናቴ በሰው ፊት ታፍርብኛለች» ብሎ እያመነታ ነው፤ በመጪው እሑድ ሁለታችን ከእናቱ ጋር ቡና ልንጠጣ ቀጠሮ ይዘናል።