የተወረሰ መሬት

 

ዛሬ ስለ መሬት እናውራ። አሁን የምትኖሩት ሮቤም ይሁን ጎባ፣ አዲስ አበባም ይሁን ጂዳ፣ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ብትቆጥሩ አብዛኞቻችሁ አንድ ማሳ ላይ ትደርሳላችሁ። የኔ ማሳ ያለው ጊኒር አቅራቢያ ነው። ስንዴና ጤፍ ይበቅልበታል። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰውታል።

አያቴ ወደ አኺራ ከሄዱ በኋላ (አላህ ይዘንላቸው) ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ቡናው ሳይወርድ አክስቴ ቀስ ብለው ድርሻቸውን ጠየቁ። ታላቅ ወንድማቸው፣ ማለትም አጎቴ፣ እንዲህ ሲሉ መለሱላቸው፦ «እህቴ፣ መሬቱ እኮ የመንግሥት ነው። ሚራስ የሚባል ነገር የለበትም።»

አክስቴ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ያቺ ንግግር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣችም። ግማሿ እውነት ነው። የትኛው ግማሽ እውነት፣ የትኛው ግማሽ ውሸት እንደሆነ ለመለየት መሬታችን በማን በማን እጅ እንዳለፈ ማወቅ አለብን።

በቋንቋችን «መውረስ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል። ልጅ አባቱን ይወርሳል። መንግሥትም ንብረት ይወርሳል። የመጀመሪያው ሐቅ ነው። ሁለተኛው ሐቅ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ባሌ ሁለቱንም አይታለች።

በንጉሡ ዘመን በባሌ መሬት በቀላድ ይለካ ነበር። ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እየተባለም ይመደብና ግብር ይጣልበት ነበር። ግብሩን መክፈል ያቃተው ገበሬ መሬቱን ያጣል። በልኬት «ትርፍ» የተባለው ደግሞ የመንግሥት ይሆናል። የመንግሥት የሆነው መሬት ለሹም፣ ለወታደር፣ ለባለውለታ በስጦታ ወይም በሽያጭ ይተላለፋል። ወረቀቱን ማንበብ የማይችለው ገበሬና ከብት አርቢ አንድ ቀን ጠዋት ሲነሳ አባቱ ባረሰበት፣ ከብቱ በጋጠበት መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. በጄኔራል ዋቆ ጉቱና በጓዶቻቸው ስም የምናውቀው የባሌ አመፅ ብዙ ምክንያት ነበረው። መሬትና ግብር ግን ከዋናዎቹ ነበሩ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። መልሱን ከማንበባችሁ በፊት ትንሽ አስቡበት። በዚያ ጊዜ መንግሥት «እሺ፣ መሬቱን ከባለርስቶቹ ገዝቼ ለገበሬው አከፋፍላለሁ» ቢል ኖሮ ፍትሕ ይሆን ነበር?

ብዙዎቻችን «አዎ» ለማለት እንቸኩላለን። ዋጋ ተከፈለ፣ ማንም አልተነጠቀም፣ ገበሬውም መሬት አገኘ። ጎረቤታችን ኬንያ ይህንኑ አድርጋለች። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ «የሚሊዮን ኤከር» በሚባለው ዕቅድ ከነጭ ሰፋሪዎች መሬት ተገዛ። ገንዘቡ በአብዛኛው ከእንግሊዝ የመጣ ነበር። ከዚያ መሬቱ ተሸንሽኖ ለአፍሪካውያን ገበሬዎች በብድር ተሰጠ። በቅኝ ግዛት የያዘው ሰው ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ። ከተነጠቀው ሕዝብ የተወለደው ገበሬ ደግሞ ለዚያው መሬት ባለዕዳ ሆነ።

ጃፓን ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንዲሁ «ገዛች»። ግን በፈቃድ አልነበረም። መንግሥት ራሳቸው ከማያርሱ ባለመሬቶች በወሰነው ዋጋ በግዴታ ገዝቶ ለጭሰኞቹ ሸጠ። የዋጋ ንረቱ የብሩን አቅም ስለበላው ጭሰኛው በጥቂት ገንዘብ የመሬት ባለቤት ሆነ። ደቡብ አፍሪካ ከ1994 በኋላ «ፈቃደኛ ሻጭ፣ ፈቃደኛ ገዢ» የሚለውን መንገድ መረጠች። በአምስት ዓመት 30 በመቶ የእርሻ መሬት ለማስተላለፍ አቅዳ ከዕቅዷ በጣም ርቃ ቀረች። መሬቱ የሚሸጠው ባለመሬቱ ሲፈልግና በሚፈልገው ዋጋ ነበርና።

ሦስቱም «ግዢ» ናቸው። ፍትሑ ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ «ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ ዋጋው የሚገባው ለማን ነው?

ከዲናችን ሁለት ታሪኮችን እናስታውስ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ መስጊዳቸውን ሊሠሩበት የፈለጉት ቦታ የበኑ ነጃር ሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። ልጆቹ «በነፃ እንስጥ» አሉ። እሳቸው ግን ሳይገዙ አልቀበልም አሉ። ልብ በሉ፤ ዓላማው የአላህ ቤት ነው፣ ጠያቂው ነቢይ ናቸው፣ ባለመሬቶቹም ፈቃደኞች ናቸው። ግን ባለመብቱ ደካማ ነው። የቲም «በነፃ ውሰዱ» ሲል እውነት ፈቅዶ ነው ወይስ እምቢ ማለት ከብዶት? ይህ ጥርጣሬ እንዳይኖር ዋጋው ተከፈለ።

ሁለተኛው ታሪክ የቢላል ኢብኑል ሓሪስ ነው። ሙአዚኑ ቢላል አይደሉም፤ ሌላ ሰሓባ ናቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የዐቂቅን ሸለቆ ሰጥተዋቸው ነበር። ዑመር (ረ.ዐ) ኸሊፋ ሲሆኑ ቢላል ሁሉንም ማልማት እንዳልቻሉ አዩ። የቻሉትን ያህል ይዘው ሌላውን እንዲለቁ ነገሯቸው፤ የተረፈውንም ለሙስሊሞች አከፋፈሉ። ኪታቦች በዘገቡት መሠረት ዑመር ዋጋ አልከፈሉም።

ሁለቱ ታሪኮች የሚጋጩ ይመስላሉ። አይጋጩም። የየቲሞቹ መሬት የራሳቸው ነበር፤ ስለዚህ ለታላቅ ዓላማም ቢሆን ያለዋጋ አይነካም። የቢላል መሬት ከሕዝብ እጅ እንዲለማ የተሰጠ ነበር፤ ስለዚህ ሳይለማ ታጥሮ አይቀመጥም። እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው፦ መሬቱ ከየት መጣ? ለምንስ ተያዘ?

በዚህ ሚዛን የአገራችንን ታሪክ እንመዝን። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጡ። የጭሰኛንና የባለመሬትን ግንኙነት ለማሻሻል የተረቀቀው ሕግ ባለርስቶች በሞሉበት ፓርላማ ሳያልፍ ቀረ። ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 31 አወጣ። ግዢ የለም፣ ለመሬቱ ካሣም የለም። ካሣ የሚገባው ለሚንቀሳቀስ ንብረትና በመሬቱ ላይ ለተሠራ ቋሚ ነገር ብቻ ነው ተባለ። አንድ ቤተሰብ የሚይዘው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጭሰኛው ከኪራይና ከባለርስቱ ዕዳ ነፃ ወጣ።

ይህ ዙልም ነበር? በቀላድና በብዕር ሰፊ መሬት ለያዘው ሹም ከሆነ አይመስለኝም። ለእሱ ዋጋ ቢከፈል ኖሮ ገንዘቡ የሚወጣው ከማን ኪስ ነበር? ከገበሬው ግብር። የተነጠቀው ሰው ለነጠቀው ሰው ይከፍል ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከብትና እህል ነግዶ፣ ሳንቲም በሳንቲም አጠራቅሞ በሐላል ገንዘቡ መሬት የገዛም ሰው ነበር። አዋጁ ሁለቱን አልለየም። መለየት ነበረበት። አዋጁ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት፣ ለታመመና ላረጀ ሰው በቅጥር ሠራተኛ ማሳረስን ሲፈቅድ ለደካማው አስቧል። መሬቱ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀም።

የበለጠ የሚያሳዝነው ቀጥሎ የመጣው ነው። ከባለርስቱ የተወሰደው መሬት ሁሉ ገበሬው እጅ አልገባም። በሲናና ሜዳ የመንግሥት እርሻዎች ተስፋፉ። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ የባሌ ገበሬ ከመኖሪያው እየተነሳ በመንደር ተሰበሰበ፤ ቤቱን የት እንደሚሠራ ሌላ ሰው ወሰነለት። ምርቱንም መንግሥት በቆረጠው ዋጋ በኮታ እንዲያስረክብ ተገደደ። ከጌታው ያስጣለው እጅ ራሱ ጌታ ሆነ። ከዙልም እጅ መሬት ማስጣል ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ለባለሐቁ ማድረስ ነው። እሱ ከጎደለ የተለወጠው የባለርስቱ ስም ብቻ ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ይህ ድርቅ በመጣበት ዓመት ድሃው ማሳውን በአንድ ኩንታል እህል ሸጦ እንዳይወጣ ይጠብቀዋል። በሌላ በኩል ከተማ ሲሰፋና መንገድ ሲወጣ ገበሬው የሚያገኘው የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን የምርቱን ስሌት ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ካሣው የአማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ስሌቱ ተሻሽሏል፤ የየቲሞቹ ጥያቄ ግን አሁንም በቦታው ነው። ገበሬው «እሺ» ብሎ ሲፈርም ፈቅዶ ነው ወይስ እምቢ ማለት ስለማይችል?

አሁን ወደ አጎቴ ንግግር እንመለስ። «መሬቱ የመንግሥት ነው» ማለታቸው በሕጉ እውነት ነው። ግን መሬቱ የመንግሥት በመሆኑ ሚራስ ከሌለበት፣ እሳቸው እጅ በምን ገባ? ጎረቤት ድንበር ሲገፋ «የአባቴ መሬት!» ብለው የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። እህታቸው ስትጠይቅ ግን የመንግሥት ይሆናል። በጎረቤት ፊት የአባት፣ በእህት ፊት የመንግሥት የሆነ መሬት ሁልጊዜ የአጎቴ ነው ማለት ነው። ደግሞም ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬትና በውርስ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ሸሪዓችንም የሴት ልጅን ድርሻ በግልጽ ደንግጓል። በሕጉም ሂዱ በሸሪዓው፣ አክስቴ ባዶ እጃቸውን የሚወጡበት በር የለም።

የመጠቀም መብት ብቻ የሆነ መሬት በዝርዝር እንዴት ይከፈላል የሚለውን ዑለማዎችንና የመሬት ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። እኔ ፈትዋ አልሰጥም። ነገር ግን ሁሉንም አንድ ሰው ጠቅልሎ መያዙ ዙልም መሆኑን ለማወቅ ፈትዋ አያስፈልግም። በግፍ ስንዝር መሬት የወሰደ ሰው በቂያማ ቀን ምን እንደሚጠብቀው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀውናል። ስንዝር ነው ያሉት። ንጉሥም ደርግም ቀላድም አይጠይቅም፤ አንድ ወንድም ብቻውን ይበቃዋል።

እኛ የባሌ ልጆች ስለ ቀላድ ስናወራ ደማችን ይፈላል። ትክክል ነው፣ ይፍላ። ግን በወረቀት ጉልበት ከአያቶቻችን የተወሰደውን እያለቀስን፣ በዚያው በወረቀት ጉልበት ከእህቶቻችን የምንወስድ ከሆነ፣ ዙልምን አልጠላንም። የጠላነው በእኛ ላይ መደረጉን ነው።

ወንድሜ፣ እስቲ ዛሬ ቤትህን ጠይቅ። የአባትህ ማሳ በማን ስም ነው? የእህትህ ድርሻ የት ደረሰ? የካሣ ብር መጥቶ ከሆነ ለማን ለማን ተከፈለ? በኮንትራት የያዝከው የሌላ ሰው ማሳ ካለ፣ ባለቤቱ ወዶ ነው የሰጠህ ወይስ ቸግሮት በረከሰ ዋጋ? እህቴ፣ አንቺም ድርሻሽን መጠየቅ ነውር አይደለም። አላህ የሰጠሽን መጠየቅ ስግብግብነት አይባልም።

እኔ ያን ቀን ዝም በማለቴ ጥፋተኛ ነኝ። ከወራት በኋላ ለአጎቴ ደወልኩላቸው። ተቆጡ። ከዚያ ረጅም ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ «እሺ፣ ሽማግሌ ይቀመጥበት» አሉኝ። ጉዳዩ ገና አላለቀም። ግን በቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ የአክስቴ ጥያቄ ጥያቄ ሆኖ ተሰማ።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፣ ለባለቤቱ የምንመልስበትንም ልብ ይስጠን። በግፍ ከሚወርሱት ሳይሆን በሐቅ ከሚያወርሱት ያድርገን። አሚን።

መልካም ጁሙዓ።