ጕድለቱ ከወዴት ነው?

ዘፈንን ከዘፈን እያጋጠመ ለጭፈራ የሚያሰማው ዲጄ ዛሬ ኮንትሮለር በሚባል መሣሪያ ይሠራል። ይህ መሣሪያ የእጅን ትእዛዝ ወደ ኮምፒዩተር ያደርሳል እንጂ ከራሱ ዜማ የለውም። አንዱ ባለ 2 መስመር፣ ሌላው ባለ 4 ነው፤ በእጅ የሚዞረውም ክብ በአንዱ ጠባብ፣ በሌላው ሰፊ ነው። አሮጌውን በተሻለ ሊለውጥ የሚሻ ሰው ይህን ከዚያ ሲያስተያይ ሌሊቱ ይነጋበታል። ዳሩ ግን አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው የትኛው ይበልጣል የሚለው ሳይሆን፣ ጕድለቱ ከመሣሪያው ነው ወይስ ከእጅ የሚለው ነው።

እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1973 ዓ.ም. በኒውዮርክ በብሮንክስ ሰፈር ማጫወት የጀመረው የጃማይካው ተወላጅ ኩል ኸርክ፣ በሁለት ማጫወቻ ላይ አንድ ዓይነት ሸክላ አኑሮ የከበሮውን ክፍል እየመላለሰ ያስረዝመው ነበር። ኮምፒዩተር አልነበረውም፤ የሚሰማ ጆሮ ግን ነበረው።

ይህም ሲባል መሣሪያ መለወጥ ሁሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሦስት ዘፈን በአንድነት ማጋጠም የለመደ ሰው ባለ 2 መስመሩ ቢጠብበው ችግሩ እውነተኛ ነው። እንግዲህ ሊሠራው ሞክሮ መሣሪያው የከለከለውን ነገር በስሙ መጥራት የሚችል ይግዛ፤ ገንዘቡ አልባከነም። መጥራት ያልቻለ ግን የተመኘው አዲስነትን ነው፤ አዲስነትም በተገዛ ማግሥት ያረጃል። ምትን ከምት የሚያስተካክል ቍልፍ ድካምን ያቀልላል እንጂ፣ ከየትኛው ዘፈን ቀጥሎ የትኛው ሕዝቡን ደስ እንደሚያሰኝ አያስተምርም። ብርዕ በመለወጥም ቅኔ አይቈጠርም።

ስለዚህ ሰው ገበያ ሳይወጣ አስቀድሞ ራሱን ይመርምር፤ ዋጋን ማስተያየት ከዚያ በኋላ ነው።