ታናሹም ታላቁም በአንድ ዕጣ
የስብከቱ ንባብ፤ 1ኛ ዜና መዋዕል 25፥1-8



ንጉሡ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት አገልግሎት የለያቸው መዘምራን ቍጥራቸው 288 እንደ ነበረ ከተነበበልን ክፍል ሰምተናል። እነርሱም የአሳፍ፣ የኤማንና የኤዶታም ልጆችና ወንድሞች ሲሆኑ በ24 ክፍል፣ በየክፍሉም 12 እየሆኑ ተመደቡ። ስምና ቍጥር የበዛበትን እንዲህ ያለውን ምዕራፍ ብዙዎቻችን ፈጥነን እናልፈዋለን። ነገር ግን በስምንተኛው ቍጥር ልናልፈው የማይገባን ቃል አለ፤ ተራቸውን ለማወቅ ዕጣ ሲጣጣሉ ታናሹ ከታላቁ፣ ተማሪውም ከአስተማሪው ሳይለይ ሁሉም እኩል ተጣጣሉ።

በዚህ ቃል ላይ የምንናገረው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛው ራሳችን ስለ ወደቅንበት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማኅበረ ምእመናናችን መዘምራን ለትንሣኤ በዓል ሄንድል ከደረሰው «መሲሕ» ከተባለው ድርሰት የ«ሃሌ ሉያን» ክፍል በአራት ድምፅ ሊዘምሩ ተነሡ። ከመካከላቸው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ አልነበረም። መምህራን፣ ነርሶች፣ አናጢዎችና ተማሪዎች ነበሩ፤ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናትም ነበሩባቸው። ኖታ የሚያነቡት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ስለ ሆኑ፣ ሶፕራኖውም ባሱም ድርሻውን በጆሮው እየሰማ በቃሉ ያጠና ነበር።

ሥራው ቀላል አይደለም። የእኛ ጆሮ በትዝታና በአምባሰል ቅኝት አድጓል፤ ትዝታ በሙሉ ቅኝቱ አምስት ድምፆች ብቻ ስላሉት ፋ እና ሲ አይገኙበትም። የባሕር ማዶው ዜማ በእነዚህ ሁለት ድምፆች ላይ ሲያልፍ መዘምራኑ ወደ ለመዱት ድምፅ ይንሸራተታሉ። ቃሉም የራሱ ፈተና አለው። «እግዚአብሔር አለ» ስንል «ለ» ቢላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ቢጠብቅ ግን አለ፣ ይኖራል ማለት ነው። ለሌላ ቋንቋ የተሠራ ዜማ ይህን ስለማያውቅ፣ መዝሙር የሚተረጕም ሰው ቃሉ ከዜማው ጋር ሲገጥም ትርጕሙ እንዳይለወጥ እንደ ሰባኪ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ከባሶቹ መካከል አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራምና ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ በ«ሃሌ ሉያው» ፍጻሜ አጠገብ ሁሉ በአንድነት ዝም የሚልበት ስፍራ አለ፤ እርሳቸው በዚያ ስፍራ ዝም ብለው አያውቁም። በዓሉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠርተን፣ «ዘንድሮ ከምእመናን ጋር ተቀምጠው ቢያዳምጡ መልካም ነው» አልናቸው። እሺ ብለው ሄዱ። ዝማሬው አማረ፤ እንግዶችም አመሰገኑን። የእርሳቸው ወንበር ግን በዚያ ቀን ባዶ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ባሉት እሑዶች እንዲሁ።

ልባችን በወቀሰን ጊዜ የአባቶችን ታሪክ መረመርን። እ.ኤ.አ. በ1524 ዮሐን ቫልተር የተባለው ሰው ለመዘምራን የሚሆን የመዝሙር መጽሐፍ ሲያሳትም ዶክተር ማርቲን ሉተር መቅድም ጽፎለታል። በሚከተለው ዓመት መስፍኑ ፍሬድሪክ ሞተ፤ ወራሹም የቤተ መንግሥቱን መዘምራን በተነ። ቫልተር ግን በቶርጋው ከተማ ነዋሪዎችንና ተማሪዎችን ሰብስቦ ዝማሬውን ቀጠለ። ባኽ በማቴዎስ ወንጌል መሠረት የደረሰው የሕማማት ዝማሬም እርሱ በ1750 ከሞተ በኋላ ከሕዝብ ጆሮ ርቆ ነበር። በ1829 የ20 ዓመቱ ወጣት ሜንደልሰን በበርሊን ሲያስነሣው የዘመሩት በ1791 የተመሠረተው የዝማሬ ማኅበር አባላት፣ ዝማሬን ስለ ፍቅር የያዙ የከተማው ሰዎች ነበሩ። «መሲሕ» ራሱ በ1742 በደብሊን በመጀመሪያ ሲሰማ ገቢው ለሕሙማንና ለእስረኞች የተሰጠ ሲሆን፣ በዕዳ የታሰሩ 142 ሰዎች ተፈትተውበታል። (ሴቶች ሰፊውን ቀሚስ፣ ወንዶችም ሰይፋቸውን ትተው እንዲመጡ ተለምነው ነበር ይባላል፤ አዳራሹ ብዙ ሰው እንዲይዝ ነው።)

ወደ አገራችንም ስንመለስ፣ በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠውና በምጽዋ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1887 በኦሮምኛ 100 መዝሙሮችን አሳትሟል። በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ በ1971 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። መጽሐፍ በሚወረስበት በዚያ ወራት በየቤቱ የቀረው በቃል የተያዘው መዝሙር ነበር። እኒያ ሽማግሌም ለሰፈሩ ልጆች መዝሙር በቃላቸው ካስተማሩት አንዱ ናቸው። ይህን እያወቅን ነበር ያስቀመጥናቸው።

«እንግዲያስ እንደ መጣልን እንዘምር» ማለታችን አይደለም። የታቦቱን ዜማ የመራው ሌዋዊ ብልሃተኛ ስለ ነበረ እንደ ተመረጠ በዚያው መጽሐፍ በ15፥22 ተጽፏል። ልምምድ የሚንቅ፣ ዘግይቶ የሚመጣ መዘምር ባልንጀራውንም ይንቃል። ነገር ግን ጌታ በነቢዩ በአሞጽ አፍ የዝማሬያቸውን ጩኸት ከእርሱ እንዲያርቁ ያዘዛቸው ሰዎች ዜማ አጥፍተው አልነበረም፤ ድኃውን ከበር ገፍተው ነበር እንጂ። እኛም አንዱን ከደጃፍ መልሰን በአራት ድምፅ «ሃሌ ሉያ» ስንል፣ እግዚአብሔር የትኛውን ድምፅ ሰማ ይሆን?

ወደ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አስፈልተው ተቀበሉን። «ቄስ፣ ዝም የሚባልበትን ስፍራ እስከ ዛሬ አላወቅሁትም፤ ደስታው ይቀድመኛል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ወጣት አጠገብ እንዲቆሙ አደረግን፤ ያ ስፍራ ሲደርስ ወጣቱ ክንዳቸውን ያዝ ያደርጋል። ባለፈው ትንሣኤ ግን ወጣቱ ረሳ። ሁሉ ዝም ባለበት በዚያ ቅጽበት የሽማግሌው ድምፅ ብቻውን በቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ፤ ምእመናኑም የመዝሙሩ ሥርዓት መስሏቸው ከያሉበት ተነሥተው «ሃሌ ሉያ» ብለው መለሱላቸው።