የልጅ ቀለብ ባለመብት ማን ነው?

ባልና ሚስት ሲፋቱ ትዳሩ ይፈርሳል፣ ንብረቱም ለሁለት ይከፈላል፤ በመካከላቸው የተወለደው ልጅ ግን የማይፈርስና የማይከፈል ሆኖ ስለሚቀር፣ በእርሱ ምክንያት ጸንቶ የሚኖረው ግዴታ ከምን እንደሚመነጭ መመርመር ከሕግ ባለሙያዎች ሥራነት አልፎ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጉዳይ ይሆናል። ይህ ግዴታ በአማርኛ ቀለብ ይባላል። ቃሉ በመነሻው ለሰው የሚሰፈር እህልን ወይም ስንቅን የሚያመለክት ሲሆን፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ከምግብ አልፎ መጠለያን፣ ልብስን፣ ጤናንና ትምህርትን እንዲያካትት አድርጎ አስፍቶታል። ፍርድ ቤት መጠኑን ሲወስን ደግሞ ቀለብ ቆረጠ ይባላል።

ብዙ ሰው በልቡ ቀለብን የትዳር ተቀጥላ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ትዳሩ ካበቃ፣ ይልቁንም በእናትየው በደል አበቃ ተብሎ ከታመነ፣ አባት የቀድሞ ሚስቱን የሚቀልብበት ምክንያት የለም ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው። ግዴታው ከጋብቻ ውል የሚመነጭ ቢሆን ኖሮ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ አንዳች ሊጠይቅ ባልቻለ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ግን ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ሕፃናት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው፣ እያንዳንዱም ሕፃን ወላጆቹን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ የግዴታው ምንጭ ከጋብቻው ይልቅ በራሱ በመውለድ ውስጥ ሊፈለግ ይገባል።

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት በ1797 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግብረ ገብ ሜታፊዚክስ በተሰኘው ሥራው ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። እንደ እርሱ አስተያየት ወላጆች አንድን ሰው ፈቃዱን ሳይጠይቁ፣ በራሳቸው ውሳኔ ወደዚህ ዓለም ስላመጡት፣ በመጣበት ኑሮ ደስ ተሰኝቶ እንዲኖር አቅማቸው የፈቀደውን ሁሉ የማድረግ ዕዳ አለባቸው። ሐሳቡ ጠንካራ የሚሆነው ባለዕዳዎቹ ሁለቱም ወላጆች፣ ባለመብቱም ልጁ ራሱ መሆኑን አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው፤ የሁለቱ መለያየት ልጁ ከመወለዱ ጋር ስለማይገናኝ፣ ከመውለድ የመጣን ዕዳ ሊሰርዝ አይችልም።

ሃይማኖቶቹ ግን ከዚህ በላይ ይሄዳሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በላከው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 5 ለቤተሰቡ የማያስብ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ካደ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ እንዲህ ሲሆን የቀለብ ጉዳይ ከገንዘብ ክርክርነት ወጥቶ የእምነት መመዘኛ ይሆናል፣ ልጁን ረስቶ የሚጾምና የሚመጸውት አባትም በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። በእስልምና ይህ ግዴታ ነፈቃ ይባላል፤ የቁርኣን ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ሱረቱል በቀራ፣ በ233ኛው አንቀጽ የምታጠባ እናትን ምግብና ልብስ በአባት ላይ ካደረገ በኋላ፣ ማንም ከአቅሙ በላይ እንዳይገደድ፣ እናትም ሆነች አባት በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ይከለክላል። ሱረቱ ጠላቅ ደግሞ የተፈታች እናት ልጁን ስታጠባ ዋጋዋ እንዲከፈላት ያዝዛል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ ማጥባት፣ ማጠብ፣ ሌሊት መነሣትና ትምህርት ቤት ማድረስ ከተፈጥሮ በነፃ የሚፈስ ነገር ሳይሆን ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን ያሳውቃልና። በኢትዮጵያ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የቀለብ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚችል አዋጅ ቁጥር 188/1992 ስለሚፈቅድ፣ ይህ አስተምህሮ በችሎትም የሚሠራበት ነው።

በመጠን ረገድ የቤተሰብ ሕጉና የቁርኣኑ ትእዛዝ ይቀራረባሉ፤ ሕጉ የጠያቂውን ችግርና የሰጪውን አቅም አመዛዝኖ እንዲቆረጥ፣ ሁኔታው ሲለወጥም መጠኑ እንዲሻሻል ይፈቅዳል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ቀለቡ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ስለሚገድብ ከፋዩም መኖሪያ አያጣም። በቀን ሥራ ወይም በንግድ የሚኖረው ሰው ገቢ ግን በሰነድ ስለማይታይ፣ በእርሱ ላይ ከዳኛ ትእዛዝ ይልቅ የራሱ ሕሊና ትልቅ ድርሻ አለው።

ባለመብቱ ልጁ መሆኑ ከታወቀ ብዙ የሚያጨቃጭቁ ነገሮች ይፈታሉ። እናት ልጁን አላሳይም በማለቷ አባት ቀለብ ሊያቋርጥ አይገባውም፣ አባትም ስላልከፈለ ብቻ ልጁ አባቱን ከማየት ሊከለከል አይገባም፤ ሁለቱም የልጁ መብቶች ናቸውና አንዱን በሌላው መቀጣጫ ማድረግ በሦስተኛ ሰው ገንዘብ መደራደር ነው። በተመሳሳይ ምክንያት በንዴት ወይም በኩራት «የእርሱን ገንዘብ አልፈልግም» የምትል እናት፣ ኩራቷ የሚከበር ቢሆንም፣ የራሷ ያልሆነውን መብት መተዋ ነው። አባት ያሳደገው ልጅ እናቱ ዐረብ አገር ሠርታ ገቢ ያላት ከሆነችም ግዴታው በእርሷ ላይ እንደዚሁ ይጸናል።

በኢትዮጵያ ብዙ ፍቺ ከችሎት በፊት ሽማግሌዎች ፊት ይደርሳል፤ በዚያም ቤቱ፣ ከብቱና ዕቃው በዝርዝር ሲቈጠር ልጁ «እናቱ ጋ ይሁን» በሚል አንድ ቃል የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ሽማግሌዎች ሆይ፣ ከንብረቱ ክፍፍል አስቀድማችሁ የልጁን ቀለብ መጠን፣ የሚከፈልበትን ቀንና የሚደርስበትን መንገድ አጽፉ፤ ሁለቱንም ወላጆች አስፈርሙ።