ተጭኖ የመጣም ደርሷል



ሐዋርያው ጳውሎስ የክርስቲያንን ሕይወት በሩጫ እንደሚመስለው ሁላችን እናውቃለን። ዛሬ ደግሞ በዘመናችን የሚደረገውን ሌላ ሩጫ፣ ብዙዎች ተባብረው በብስክሌት የሚያደርጉትን ረጅም ጉዞ አብረን እንመልከት፤ ለነፍሳችን የሚሆን ትምህርት አለውና።

እ.ኤ.አ. በ2003 ጥቂት ተጓዦች ከካይሮ ተነሥተው፣ ሀገራችንንም አቋርጠው፣ በብስክሌት ኬፕ ታውን ደረሱ። ቱር ዳፍሪክ የተባለው ይህ ጉዞ ወደ 12,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሲሆን አራት ወር ያህል ይፈጃል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ጊዜ ተደግሟል። ደቡባዊው ክፍል ከማላዊ ወደ ዛምቢያ ይገባል፤ ከቪክቶሪያ ፏፏቴ አጠገብ አልፎ፣ የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቦትስዋናና በናሚቢያ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳል።

ይህ ክፍል በካርታ ላይ ሲታይ ቀላል ይመስላል። የቦትስዋና ምድር ሜዳ ነው፤ የሚያስጨንቅ ዳገት የለበትም። ነገር ግን ሜዳው ራሱ ፈተና ይሆናል። ዝሆኖች እንደ ልባቸው በሚሻገሩት በዚያ ቀጥ ያለ ጎዳና ላይ፣ ፀሐይ ከላይ እየጠበሰች፣ ነፋስ ከፊት እየገፋ፣ በአንድ ቀን ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳበት ጊዜ አለ። በናሚቢያ ደግሞ አስፋልቱ ያልቅና ጠጠርና አሸዋ ይተካል፤ ክንድ ይዝላል፣ እሾህም ጎማውን ያስተነፍሳል። እንዲህ ያለውን መንገድ ማንም ብቻውን በቀላሉ አይወጣውም። ስለዚህ ተጓዦቹ ተከታትለው ይነዳሉ፤ ፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፣ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ከድካሙ ሩብ፣ አንዳንድ ጊዜም ሲሶ ያህል ይቀልለታል። ፊተኛው ሲደክም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላው ተራውን ይወስዳል። ቀድመው የሚሄዱ አስተናባሪዎች በየመታጠፊያው ባለ ቀለም ጥብጣብ ያስራሉ። ከሁሉም በኋላ ደግሞ የመጨረሻውን ተጓዥ የማይቀድም አንድ ሰው አለ፤ ሥራው ማንም በመንገድ እንዳይቀር መጠበቅ ነው። ድንኳኑንና ስንቁን የጭነት መኪና ይሸከማል፤ የታመመውንና አቅም ያጣውንም ይጭናል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በተጓዦቹ ዘንድ ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን አንድ ጊዜም መኪና ላይ ሳይወጣ፣ ስንዝር ሳያስቀር በገዛ እግሩ የነዳ ሰው ልዩ ክብር አለው። መልካም ክብር ነው፤ ትጋትን ያስተምራል። ዳሩ ግን ወጥመድም ይሆናል። ሰውነቱ በትኩሳት እየነደደ መኪናውን እምቢ የሚል ይገኛል፤ አንድ ቀን ተጭኖ በመዋሉ ጉዞው ሁሉ ከንቱ እንደ ሆነ ቈጥሮ ልቡ የሚሰበርም ይገኛል። በራሱ ጉልበት የሚመካም ወንድሙ ከመኪና ሲወርድ ባየ ጊዜ በልቡ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል።

እስቲ የዛምቤዚን ወንዝ እናስታውስ። በካዙንጉላ 923 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ከዚያ በፊት ከዛምቢያ ወደ ቦትስዋና የሚሻገር ሁሉ ብስክሌቱን ይዞ በጀልባ ላይ ይቆም ነበር። ብርቱውም ደካማውም፣ ስንዝር ያላስቀረውም በመኪና የመጣውም በአንድ ጀልባ ተሻገሩ። በውሃ ላይ ፔዳል የመታ ማንም አልነበረም! በገዛ እግሬ ብቻ ደረስሁ የሚል ሰው ጀልባውን ዘንግቷል ማለት ነው።

ምእመናን ሆይ፣ እኛም ጀልባውን እንዘነጋለን። በጥምቀት ውሃ የተሻገርነው ሌሎች በክንዳቸው ታቅፈውን ነው፤ እምነትንም ከወላጆቻችንና ከመምህሮቻችን ተቀበልን እንጂ እኛ አልፈጠርነውም። ያ ታላቅ ሯጭ ጳውሎስ እንኳ ስለ ድካሙ ሲናገር፣ ከደማስቆ ያመለጠው ሌሎች በቅርጫት በቅጥሩ ላይ አውርደውት እንደ ሆነ ሳያፍር ይተርካል (2ኛ ቆሮ. 11)። ጌታችንም በወይኑ አትክልት ምሳሌ፣ ማልደው የገቡት ሠራተኞች ያጉረመረሙት ደመወዛቸው ስለ ጎደለ ሳይሆን ዘግይቶ የመጣው ከእነርሱ እኩል ስለ ተከፈለው መሆኑን አሳይቶናል (ማቴ. 20)።

ይህን ስንል ትጋትን ማቃለላችን አይደለም። መኪናው ለስንፍና የተዘጋጀ አልጋ አይደለም፤ ዛሬ የተጫነው ነገ ሲሻለው ብስክሌቱን ይይዛል። ጸጋም እንዲሁ ነው፤ የወደቀውን የሚያነሣው እንዲሄድ እንጂ ተኝቶ እንዲቀር አይደለም።

እንግዲህ በየቁምስናችን ራሳችንን እንጠይቅ። ለብዙ ዓመታት ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የተመለሰውን ወንድም የምንቀበለው «እስከ ዛሬ የት ነበርህ?» በማለት ነው ወይስ ከጎናችን ቦታ በመልቀቅ? ትምህርቱ የከበደው ልጅ ወደ ኋላ ሲቀር ከእርሱ ጋር የሚዘገይ መምህር አለን? እግራቸው ዝሎ ከቤት የዋሉትን አረጋውያን እናቶችና አባቶች ማን ይጎበኛቸዋል? ቤተ ክርስቲያን ለሚያጣጥር ሰው የምታቀርበውን ቅዱስ ቁርባን የመንገድ ስንቅ ብላ መጥራቷ በከንቱ አይደለም። መሄድ ያልቻለውም መንገደኛ ነውና ስንቁ ወዳለበት ይሄድለታል።

ለእናንተም፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አንድ ቃል አለን። በዝናብም በፀሐይም ከመንደር መንደር በእግራችሁ እየተጓዛችሁ ለሌላው ነፋስ የምትሰብሩ እናንተ ናችሁ። ሌላውን መሸከም ለምዳችኋል፤ መሸከም ግን ሊያሳፍራችሁ ይችላል። በደከማችሁ ጊዜ ድካማችሁን ለካህናችሁና ለወንድሞቻችሁ ግለጹ፤ ተራውን ለሌላው መልቀቅ ከአገልግሎት መሸሽ አይደለም። ምእመናንም መምህራቸው እስኪወድቅ አይጠብቁ፤ ከፊት ሆኖ የቆየውን «አሁንስ ከኋላችን ሁን» ሊሉት ይገባል።

ተጓዦቹ ኬፕ ታውን ሲቃረቡ እሽቅድምድም ያበቃል። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ጠብቆ፣ በአንድነት ተሰልፈው ወደ ከተማይቱ ይገባሉ። ከሩቅ የሚታየው ባለ ጠፍጣፋ ራስ ተራራም ለሁሉም አንድ ነው።

እኛንም ወደ ሰማያዊት ከተማ የሚመራን ጌታ፣ ጉልበት ባለን ጊዜ ለወንድማችን ነፋስ የምንሰብር፣ ጉልበት ባጣን ጊዜም ያለ እፍረት የምንታቀፍ ያድርገን። አሜን።